ባይራው ያልቀመሰው ፓንኬክ

ሴቻ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለወንጌላዊ ኦይታ፣

አባዬ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? የካምባን አቀበት አሁንም በእግርህ ነው የምትወጣው ወይስ ቃል የገቡልህ በቅሎ ተገኘች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አክስቴ ሻሺቱ የወገብ ሕመሟ ትቷታል፤ ትቷት እንደሆነ የማውቀው እኔን መቆጣት ስለ ጀመረች ነው።

ለምን አትደውዪም ላልከው፣ እደውላለሁ። ግን እዚያ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። የዛሬው ጉዳዬ ደግሞ በሃሎ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ሾፌሩ ታምሩ ዛሬ ወደ እናንተ ሲወጣ ይህን ይዞልህ ይምጣ ብዬ ነው።

የሰማኸው እውነት ነው። የጸሐፊነት ሥራዬን ትቻለሁ። ማን እንደነገረህ አልጠይቅም፤ ጋሼ አሞጽ ናቸው። ወንድምህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ ጥሩ ጋዜጠኛ ይወጣቸው ነበር። ከኢየሩስ ጋር ሆነን በአክስቴ በረንዳ ላይ የቅዳሜና የእሁድ ቁርስ ቤት ልንከፍት ነው። ኢየሩስን ታውቃታለህ፤ አባቷ ከሰላሌ በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩት፣ የእትዬ አገርነሽ ልጅ። እስካሁን በአንድ ሎጅ ወጥ ቤት ስትሠራ ነበር። ቁርስ ስልህ በጠዋት የሚጎረስ እንዳይመስልህ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ የከረመ ሰው ቅዳሜ አርፍዶ ይነሣል፤ ቁርስ ያለፈበት ምሳ ያልደረሰበት ሰዓት ላይ ይርበዋል። እኛ ያን ጊዜ ፓንኬክ እንጋግርለታለን። ከላዩ ሙዝ፣ ወይም በማር የበሰለ የጨንቻ አፕል።

ቀጥሎ ያለውን ቁጭ ብለህ አንብብ። ሁለት ዓይነት ሊጥ ነው ያለን፤ በአንደኛው ውስጥ ቢራ ይገባል።

ሁዳዴ ሊገባ ነው። የከተማው እኩሌታ እንቁላልና ወተት አይነካም። ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የተጋገረ ፓንኬክ ደግሞ የጫማ ሶል ነው። ቢራ ከገባበት ግን ይነፋል፣ ይለሰልሳል፤ ኢየሩስ ሎጁ ውስጥ ስትሠራበት የነበረ ነገር ነው። የኦርቶዶክሶቹ ሥርዓት በጾም እንቁላል ይከለክላል፣ ቢራ አይከለክልም። የእኛ ደግሞ ቢራ ይከለክላል፣ እንቁላል ይፈቅዳል። በአንድ በረንዳ ላይ ሁለቱንም ወገን እናብላ ብለን ነው የተነሣነው።

አክስቴ በረንዳውን ፈቅዳልናለች፣ ግን አንድ ነገር አስገብታበታለች። ኢየሩስን አስቀምጣ እንዲህ አለቻት፦ «ባይራ ማለት የቤቱ በኩር ነው። እኛ ጋሞዎች ባይራው ሳይዘራ አንዘራም፣ ሳያጭድ አናጭድም፣ አዲስ እህል እሱ ሳይቀምሰው አንቀምስም። የእኛ ባይራ ወንድሜ ኦይታ ነው። እሱ ያልቀመሰው ነገር ከዚህ በረንዳ ለሰው አይቀርብም።» እኔም «አክስቴ፣ እኛ እኮ ጌታን ተቀብለናል» አልኳት። «መሥዋዕቱን ጌታ አስቀርቶታል፤ ተራውን ግን አላስቀረም» አለችኝ። ለዚህ መልስ ካለህ ላክልኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ መጋቢት 20 መጥተህ በጸሎት እንድትከፍትልኝ፣ ከሁለቱም እንድትቀምስልኝ እለምንሃለሁ። ያለ አንተ አይከፈትም። የተውኩት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧልና ወደ ኋላ መመለሻ የለኝም።

ልጅህ አቢጋኤል


ካምባ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣

የጌታ ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ። እኔ በእርሱ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። በቅሎዋ ተገኝታለች፤ ነገር ግን አቀበቱ ላይ ከእኔ ቀድማ ስለምትደክም ወርጄ እየጎተትኳት ነው የምወጣው። የአገሩ ሰው ልሸጣት ገበያ የምወስዳት ይመስለዋል።

ደብዳቤሽን ቁጭ ብለህ አንብብ ስላልሽኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ተነሣሁ። እንደገና ቁጭ አልኩ።

ሥራሽን በመተውሽ አልወቅስሽም። በጌታ ያረፈችው እናትሽም አንዴ ከቆረጠች የሚመልሳት አልነበረም። የቢራው ነገር ግን ሌላ ነው። እኔ መጠጥ ያፈረሰውን ቤት በወሬ አይደለም የማውቀው፤ ገብቼ አይቼዋለሁ። ባል ሚስቱን ሲደበድብ መሐል ገብቼ ጥርሴን አጥቻለሁ፤ የቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እዚህ አዲስ ሰው ሲያምን መጀመሪያ የምለምነው አረቄውን እንዲተው ነው። ያን ስለምነው የልጄን የቢራ ፓንኬክ ውጬ እንድመጣ ትፈልጊያለሽ?

ሻሺቱ ስለ ተራው የተናገረችው ትክክል ነው። እህቴን በክርክር የረታ ሰው ካለ አስተዋውቂኝ።

ቢራውን ተዪውና እመጣለሁ። እዚህ ያለችው የጤና ሠራተኛ በቤኪንግ ፓውደርም ይነፋል ብላኛለች። ሞክሪውና ሊጡ የሚሆነውን ጻፊልኝ። አንድ ወንጌላዊ ስለ ሊጥ ደብዳቤ ሲጽፍ ይኸው የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

አባትሽ ኦይታ


ሴቻ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ ለሰላምታህ ሰላምታ ከነወለዱ ይድረስህ፤ ለበቅሎዋም ጭምር።

በመጀመሪያ ታምሩ በቃል ላደረሰልኝ ጥያቄ ልመልስ። አይደለም፤ የቢራው አልኮል ሁሉም በእሳት ተኖ አይጠፋም። የምግብ ዝግጅት የሚያስተምር ሰው ጠይቄ ነበር። መጥበሻው ላይ አብዛኛው ይሄዳል፣ ጥቂቱ ይቀራል አለኝ። «እሳት ሁሉን ያነጻል» ብዬ ልሸነግልህ እችል ነበር፣ ሌሎች እንደዚያ በዪው ብለውኛል። አልልህም። አውቀህ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።

ቤኪንግ ፓውደሩን ሞክረነዋል። ያለ እንቁላል ሲሆን ይነፋል፣ ሰሃን ላይ ሲደርስ ይተኛል። ጋዝ ያለው ውሃም ሞክረናል፤ እሱ ደግሞ ሲቀዳ ያፏጫል እንጂ ጣዕም የለውም ትላለች ኢየሩስ። የሚሆነው ቢራው ነው።

ከሌላ ሰው ሳትሰማው አንድ ጉድ ልንገርህ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ በረንዳው ላይ ሳይሆን ጓሮ፣ ለሙከራ ጋገርን። ጋሼ አሞጽ እንቁላል ያለበትን ሊቀምሱ፣ እትዬ አገርነሽ ደግሞ የጾሙን ሊቀምሱ ተጋበዙ። መጥበሻው ሁለት ነው፣ ሊጡም በየዕቃው ነው። እኔ ግን ችኩሏ በአንድ ጭልፋ ከዚህም ከዚያም እቀዳለሁ። እትዬ አገርነሽ ቆርሰው አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ እጄን አዩና «የኔ ልጅ፣ ይህ ጭልፋ ከየት ነው የመጣው?» አሉኝ። ሰሃናቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ጋሼ አሞጽ ግን ጎርሰው ነበር። የእትዬ አገርነሽ ሰሃን ውስጥ እንቁላል ከገባ እሳቸው አፍ ውስጥ ምን እንደገባ ገባቸውና ምላሳቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አባዬ፣ በአንድ ጭልፋ ሁለት ሃይማኖት አስቀየምኩ። ኢየሩስ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ግን በውርደት ላብ አጠመቀኝ።

አሁን የጾሙ ጭልፋ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ መጥበሻውም የሚታጠብበት ሳፋም ለየብቻ ነው። ሁለተኛ አይደገምም።

በዚሁ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተውኝ ነበር። ያሉኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ቢራውን አልተውኩም። መጋቢት 20ንም አልቀየርኩም። ና።

አቢጋኤል


ካምባ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

በጭልፋው ነገር ብቻዬን ስቄአለሁ። አሞጽ ግን አልሳቀም፤ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ ያልሽውን እሱ በዚሁ ሳምንት ጽፎልኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ከአንቺ ብሰማው ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ብትዋሺኝ ምናልባት አምኜሽ እመጣ ነበር። አሁን ግን አውቄአለሁና አልቀምስም። አልቀመስኩትም ማለት ሻሺቱ አታስከፍትሽም ማለት እንደሆነም ይገባኛል። ልቧን እንድትለውጥ አልጽፍላትም፤ እኔ የምኖርበትን ሥርዓት እሷ ብትጠብቅ በምን አፌ እከለክላታለሁ።

ስለዚህ መጋቢት 20 አልመጣም። ቢራውን ከተውሽ ግን በማግሥቱም ቢሆን እነሣለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ጨክኜ አይደለም። ታምሩ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነውና እዚህ ላይ ላብቃ።

አባትሽ


ሴቻ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ዛሬ ስለ በቅሎዋ አልጠይቅም። አዝኜብሃለሁ፤ አዝኜብህም ደህና ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ያሉኝን ያልጻፍኩልህ ልደብቅህ ብዬ አይደለም። ከጻፍኩት እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው። ቢራውን ካልተውሽ ከኳየሩ ትወርጃለሽ ብለውኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ መድረክ ላይ ቆሜአለሁ፤ ሌላ የምቆምበት ቦታ አላውቅም። ቢሆንም አልተውም አልኳቸው። ጋሼ አሞጽ «ለሊጥ ብለሽ?» አሉኝ። ለሊጥ አይደለም።

በደብዳቤው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፍካትን ትንሽዬ ጥያቄም አይቻታለሁ። ታምሩ ጥሩምባ ሲነፋ የጻፍካት ትመስላለች፣ ግን ከደብዳቤው ሁሉ እሷ ናት የከበደችኝ። መልሱ፦ አይ፣ አልቀመስኩትም። የምትቀምሰው ኢየሩስ ናት። እኔ አቡካለሁ፣ እጋግራለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ፣ በጣቴ ተጭኜ መብሰሉን አውቃለሁ። ራሷ የማትበላውን ለሰው ታቀርባለች ልትለኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

እንግዲያው እኔም አንድ ነገር ላስታውስህ። እማዬ አልጋ ላይ የዋለችው በሁዳዴ ነበር። ሐኪሙ የዶሮ ሾርባና እንቁላል አዝዞላት፣ አክስቴ ጨንቻ ነበረች፣ አንተም እኔም መድኃኒት ፍለጋ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስንንከራተት ማን ያበስል ነበር? እትዬ አገርነሽ። እየጾሙ ዶሮ ያርዱ ነበር። ጨው መብቃቱን ቀምሰው ማየት ስለማይችሉ ማንኪያውን እማዬ አፍ ላይ አድርገው «በቃሽ ወይስ ልጨምር?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሳይቀምሱ ያበሰሉት ያ ሾርባ ግብዝነት ነው እንዴ? እኔ ከዚያ ወዲህ እነሱ በጾማቸው የሚበሉትን አንድ ነገር በእጄ ሳልሠራላቸው አልኖርም ብዬ በልቤ ወስኛለሁ። ያገኘሁት ነገር ይህ ፓንኬክ ሆነ። ሌላ ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ።

በረንዳው ተቀብቷል፤ ነጭና አረንጓዴ። አባያ ሐይቅ ከወንበሮቹ ላይ ሆኖ ይታያል። መጋቢት 20 ጠዋት እሳት አነዳለሁ። የሚቀምስ ባይራ ካጣሁ ሊጡን ይዤ እቀመጣለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደገና አቦካለሁ። ማን እንደሚደክም እናያለን።

አቢጋኤል


ካምባ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስለ ጨው አላውቅም ነበር። እዚያው ቤት እየገባሁ እየወጣሁ አላየሁም። ለእትዬ አገርነሽ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽና በእጅሽ ስጫቸው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት እዚህ ሊጠመቅ ሁለት ወር የተማረ አንድ ጎልማሳ ሊያየኝ መጥቶ ነበር። አረቄ ማውጣት ትቶ ንብ ማነብ ጀምሯል። እሱን እያየሁ አሰብኩ፦ አንቺን ስለምወድ ብዬ ብበላ ነገ ለዚህ ሰው የምናገረው የለኝም። ስለዚህ አልበላም። በዚህ አትለምኚኝ። ሳልበላ ግን እንደ ግንድ መንገድሽ ላይ ተጋድሜ ልቅር? እሱንም እምቢ አለኝ ልቤ።

ባይራ ማለት አስቀድሞ የሚጎርስ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ አሞጽ ከእነሱ አንዱ ነው። አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ አይደለም። ባይራው አስቀድሞ የሚዘራው ዝናቡ ቢከዳ አስቀድሞ የእሱ ዘር እንዲደርቅ ነው። አደጋው የእሱ ስለሆነ ቅምሻውም የእሱ ሆነ። በዚህ በረንዳ ጉዳይ አደጋው የማን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። እኔ ምንም አላጣሁም። ሥራሽን የተውሽው፣ ከመድረክ ልትወርጂ የቆረጥሽው አንቺ ነሽ።

ከዚህ በታች ያለውን ለሻሺቱ ስጫት። በዕለቱ ዘመድ ሁሉ ባለበት ታንብበው።

«እህቴ ሻሺቱ ሆይ፣ እኔ ኦይታ የአባታችን በኩር ነኝ። በአንቺ በረንዳ ላይ ለሚቀርብ ማዕድ ሁሉ ባይራነቴን ለልጄ ለአቢጋኤል ሰጥቻለሁ። አስቀድማ እሷ ትቅመስ፤ ሌላው ይከተላት። ሴት ናት የሚል ካለ ካምባ ድረስ መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ። እሷ ያልቀመሰችው ግን ለማንም አይቅረብ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በያት። የቅምሻውን ማንኪያ ከአገርነሽ ልጅ እጅ ላይ ወስጄ አንቺ እጅ ላይ አድርጌዋለሁ። እትዬ አገርነሽ ለአንዲት ሕመምተኛ ነው ያበሰሉት። አንቺ ቤት ነው የምትከፍቺው። ቅመሺ አልልሽም፣ ተዪውም አልልሽም። የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ተንበርክኬ እሆናለሁ።

አባትሽ ኦይታ


ሴቻ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እትዬ አገርነሽ ደብዳቤህን አንብበው ነጠላቸው ውስጥ ቋጥረውታል። ምን ብለህ እንደጻፍክላቸው አልነገሩኝም። ሰላም በይልኝ ብለውኛል።

ቅዳሜ ሰዉ በጊዜ መጣ። ዘመድ፣ የሠፈር ሰው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን፣ ከኳየሩም እነ ሊሻን። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ቆማ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ጋሼ አሞጽ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊወጡ ተነሡ። «ባይራነት እንደ ካፖርት ይወለቃል እንዴ?» አሉ። አክስቴም «ተቀመጥ። ባይራዋ ሳትቀምስ ከማዕድ የሚነሣ ታናሽ አይቼ አላውቅም» አለቻቸው። አባዬ፣ ተቀመጡ። አክስቴን የሚረታ ሰው ስታገኚ አስተዋውቂኝ ብለኸኝ ነበር፤ ገና ፍለጋ ላይ ነኝ።

እንቁላል ያለበትን ቀመስኩ፤ እሱ ቀላል ነበር። የቢራውን ኢየሩስ አወጣችልኝና መጥበሻውን ይዛ ቆመች። «ካልፈለግሽ ተዪው፤ እኔ ምንም አልልሽም» አለችኝ በጆሮዬ። ከልቧ ነበር። አንተ ተንበርክከህ እንደነበር አውቃለሁ፣ ስለዚህ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ይህን የማደርገው ልጠጣ አይደለም» አልኩና ቆርሼ በላሁ። አክስቴ እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን ስታይ ቆየችና «ቀጥሉ» አለች። ቀጠሉ። አፕሉ ከሊጡ በፊት አለቀ። ጋሼ አሞጽ እንቁላል ያለበትን በሉ፤ ጭልፋውን ግን ራሳቸው ተነሥተው መረመሩ።

እሁድ የኳየር ጋዋኔን አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩ። ከኋላ ከምእመናኑ ጋር ተቀመጥኩ። ሊሻን መዝሙሩን ስትጀምር እኔ የምገባበት ቦታ ባዶ ሆነ። አለቀስኩ፣ ለምን እዋሽሃለሁ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ሆኜ ያንን ቦታ ዘመርኩት። ሰው ዞሮ አየኝ እንጂ ዝም በይ ያለኝ የለም። በሚመጣው እሁድም እዘምረዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ላሽገው ነበር፣ ግን ስንት እውነት ተነጋግረን ይህን ብደብቅህ ነውር ነው። አባዬ፣ ይጣፍጣል። ከእንቁላሉ በጣም ይበልጣል።

ልጅህ አቢጋኤል


ካምባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣

ሰላምሽ ይብዛ። ያን የመጨረሻውን ለዚህ አገር ሰው አላነበብኩለትም።

ከዚያ ወዲህ በታምሩ እጅ ለላክሽው ጥያቄ መልሴ ይኸው፦ ባይራነቴን መስጠቴ አልቆጨኝም። አሞጽ እዚያ ያላትን ነገር ለእኔም ጽፎልኛል፤ ባይራነት እንደ ካፖርት አይወለቅም ይላል። «ልክ ነህ፣ ነገር ግን እኔ አውልቄዋለሁ፣ መልሼም አልለብሰውም» ብዬዋለሁ። ከወንድሞቼ ጋር ይህ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይበርድም። አንቺ በዚህ እንቅልፍ አትጪ፤ የእኔ ድርሻ ነው።

ከመድረክ መውረድሽ ግን አሞኛል። እንደ አገልጋይ ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም እላለሁ። እንደ አባት ደግሞ ያን ቀን ከኋላ ከአንቺ አጠገብ ብቀመጥ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ለፋሲካ ወርጄ እመጣለሁ። በዚያ በረንዳ ላይ ወንበር ሲሰጠኝ ሻሺቱም አሞጽም እንደ ልማዳቸው እጄን ያያሉ፤ እስክቆርስ ይጠብቃሉ። አስቀድሜ አልቆርስም። ቢራ የሌለበትን ጋግሪልኝ። አንቺ ትቀምሻለሽ፤ እኔ ከአንቺ ቀጥዬ እበላለሁ።

አባትሽ ኦይታ